የታተመው ብስክሌት የማን ሥራ ነው?

አንድ ተማሪ ከእጅ መዳፍ ብዙም የማይበልጥ፣ በባትሪ ድንጋይ የሚሽከረከር የኤሌክትሪክ ብስክሌት ሠርቶ ለመምህሩ አቀረበ እንበል። አካሉም፣ መንኰራኵሩም፣ ማርሾቹም በማተሚያ የወጡ ናቸው። ታዲያ ይህ ሥራ የተማሪው ነው ወይስ የመኪናው? ጥያቄው የቧልት ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን ማርክ የሚሰጠው መምህር ሊሸሸው አይችልም፤ እናንተም ተራው ሲደርሳችሁ አትሸሹትም።

የእኔ አስተያየት አጭር ነው። ክፍሎቹን ለክቶ የነደፈ ተማሪ ብስክሌቱ የራሱ ነው። ሌላ ሰው የነደፈውን እንዳለ ተቀብሎ ቁልፍ የተጫነ ግን ቢበዛ ገጣጥሟል እንጂ አልሠራም። ስለዚህ በትምህርት ቤት ውስጥ የተዘጋጀ ንድፍ ማተም ብቻውን እንደ ሥራ ሊቈጠር አይገባም።

እዚህ ላይ ማተሚያ ስንል በወረቀት ላይ ቀለም የሚያሳርፈውን ማለታችን አይደለም። ባለ ሦስት አውታር ማተሚያ የሚባለውና በትምህርት ቤት የተለመደው መሣሪያ፣ ቀጭን የፕላስቲክ ክር እየሳበ፣ ወደ 200 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሚጠጋ ሙቀት እያቀለጠ፣ በጠባብ አፍንጫ ያፈስሰዋል። አፍንጫው እየዞረ ሲያፈስስ ያየ ሰው፣ ምጣድ ላይ ሊጥ የምታዞር እናት ትታወሰዋለች፤ ልዩነቱ አንዱ እንጀራ ሳይነሣ ሌላው በላዩ መደረቡ ነው። የአንዱ ድርብ ውፍረት ብዙውን ጊዜ 0.2 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ፈሳሽ ሙጫን በብርሃን የሚያጠጥረውን ቀደምት ዘዴ አሜሪካዊው ቻርልስ ሃል፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1984 ለፓተንት አቅርቦታል። በ2005 ደግሞ በእንግሊዝ አገር በባዝ ዩኒቨርሲቲ አድሪያን ቦውየር ሬፕራፕ የተባለውን ሥራ ጀመረ፤ ዓላማውም ከራሱ ክፍሎች ብዙዎቹን የሚያትምና ንድፉ ለማንም በነጻ የሚሰጥ ማተሚያ ማስገኘት ነበር። በኤሌክትሪክ የሚሄድ ብስክሌትማ ከዚህ ሁሉ የቆየ ነው፤ ኦግደን ቦልተን የተባለ አሜሪካዊ በ1895 ሞተሩ በኋላ መንኰራኵር እምብርት ላይ ላለ ብስክሌት ፓተንት አግኝቷል።

ወደ ተማሪያችን እንመለስ። ትምህርቱ የሚጀምረው ከማተሚያው በፊት ነው። ትንሹ የአሻንጉሊት ሞተር በደቂቃ 6000 ጊዜ ይዞራል ብለን እንነሣ። የመንኰራኵሩ ዲያሜትር 6 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ዙሪያው 18.8 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ሞተሩን በቀጥታ ከመንኰራኵሩ ጋር ያገናኘ ተማሪ፣ ስሌቱን እስከ መጨረሻው ቢከተል፣ ብስክሌቱ በሰዓት ከ67 ኪሎ ሜትር በላይ እንዲበር አዝዟል ማለት ነው! እርግጥ አይበርም፤ ሞተሩ ፍጥነት እንጂ በቂ ጕልበት የለውምና ቆሞ ያጕረመርማል፣ ይግላል፣ የባትሪውንም ድንጋይ ይጨርሳል። ባለ 8 ጥርሱ ማርሽ ባለ 48 ጥርሱን ቢያዞር ግን ፍጥነቱ ለ6 ይከፈላል፤ ይኸው ጥንድ ሁለት ጊዜ ቢደገም ለ36 ይከፈላል፤ ብስክሌቱም በሴኮንድ 52 ሴንቲ ሜትር ገደማ ረጋ ብሎ ይጓዛል። ፍጥነቱ ባነሰው መጠን፣ በሰበቃ ከሚጠፋው በስተቀር፣ የማዞር ኀይሉ ይጨምራል። ይህን ሒሳብ ማተሚያው አያውቀውም። የማይገጥም ማርሽ አትም ቢሉትም ሳያቅማማ ያትማል።

ቀጥሎ የሚመጣው የልክ ጉዳይ ነው፤ እኔ ከሁሉ የማስበልጠውም ይህን ነው። ተማሪው 3 ሚሊ ሜትር ለሆነ ዘንግ የ3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይነድፋል። ታትሞ ሲወጣ ዘንጉ አልገባም ይላል፤ የታተመ ቀዳዳ ብዙውን ጊዜ ከተነደፈው ጥቂት ይጠባልና። አንዱ ተማሪ በሞረድ ፍቆ ያሰፋዋል፤ ሌላው ወደ ንድፉ ተመልሶ 3.2 ብሎ ይጽፋል። የመጀመሪያው ለዚያች ቀዳዳ መፍትሔ አገኘ፤ ሁለተኛው ግን ከዚያ በኋላ ለሚነድፋቸው ቀዳዳዎች ሁሉ አገኘ። የፊት መንኰራኵሩን ግራና ቀኝ የሚይዘው ሹካም እንዲሁ ነው፤ ቆሞ ከታተመ ቀጭ ብሎ ይሰበራል። እንጨት በጅማቱ በኩል ሲመቱት በቀላሉ እንደሚፈለጥ ሁሉ፣ የታተመም ዕቃ የሚደክመው በድርብና በድርብ መካከል ነው። አጋድሞ ያተመው ተማሪ ያው ፕላስቲክ፣ ያው ቅርጽ እያለ ጠንካራ ሹካ ያገኛል። ይህን ከመጽሐፍ አንብቦ የሚያምን ጥቂት ነው፤ ሰብሮ ያየ ግን አይረሳውም።

«የሽቦ መኪና ምን አነሰው?» የሚሉ አሉ። አባባላቸው የሚናቅ አይደለም። በየሰፈራችን ልጆች ከወዳደቀ ሽቦና ከቆርኪ መኪና፣ ከእንጨትና ከአሮጌ ኩሽኔታ ጋሪ ሲሠሩ ኖረዋል፤ ንድፍ ያዋሳቸውም የለም። እንዲያውም እኔ ብሆን የሌላውን ንድፍ ካተመው ተማሪ ይልቅ የሽቦ መኪና ለሠራው ልጅ የበለጠ ማርክ በሰጠሁ ነበር። ሆኖም የሽቦው መኪና ልክ በሠሪው ዐይንና ጣት ውስጥ ይቀራል። የማተሚያው ውለታ ሠሪው ልኩን ወደ ቍጥር እንዲለውጥ ማስገደዱ ነው። ጎንደር ያለ ተማሪ የነደፈውን ማርሽ ጅማ ያለው ሊያሻሽለው የሚችለው ቍጥሩ ስላለ ነው። ታዲያ ከሌላ መቀበል ነውር ነውን? አይደለም። የተቀበለውን ለውጦ፣ ለምን እንደ ለወጠው የሚያስረዳ ተማሪ እርሱም ነዳፊ ነው።

የዋጋና የመብራት ነገርም ይነሣል። ብዙ ሰዓት የሚፈጅ ኅትመት ላይ መብራት ሲጠፋ ሥራው ሊበላሽ፣ ፕላስቲኩም ሊባክን ይችላል። ነገር ግን ለየክፍሉ ማተሚያ ይገዛ ያለ ማን ነው? አንድ ማተሚያ ብዙ ክፍሎችን በተራ ሊያገለግል ይችላል፤ እርሳስ፣ ማስመሪያና ባለ ካሬ ወረቀት ያለው ተማሪ ከአሳቡ አብዛኛውን በወረቀት ጨርሶ ነው ወደ ኮምፒዩተሩ የሚቀርበው።

እንግዲህ ብስክሌታችሁን ለመምህራችሁ ስታቀርቡ ብቻውን አታምጡት። ቍጥሩ ተሠርዞ እንደ ገና የተጻፈበትን ወረቀት፣ የተሰበረውን ሹካ፣ ዘንግ አላስገባ ያለውን ማርሽ አብራችሁ ጠረጴዛው ላይ ደርድሩ። መምህሩም ከብስክሌቱ በፊት እነርሱን አንሥቶ «ይህ ለምን ተሰበረ?» ብሎ ይጠይቃችሁ።