ተማሪው ይሄዳል፣ ልጁ ግን ይቀራል

በዚህ እትም የምንነጋገረው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና የሕጻናት ማዕከላት አብረው ስለሚሠሩት የማኅበረሰብ ልማት ነው። «ይህ የወጣቶች ጉዳይ ነው፤ ለባልና ሚስት ምን ይረባል?» የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። ጥቂት ታገሡን፤ የነገሩ መጨረሻ እናንተ ቤት ነው።

በብዙ ከተሞች አጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት የችግረኛ ቤተሰብ ልጆችን የሚያግዙ ማዕከላት አሏቸው። ልጆቹ ከትምህርት ሰዓት ውጭና ቅዳሜ ይሰበሰባሉ፤ ያጠናሉ፣ ይመገባሉ፣ የእግዚአብሔርን ቃል ይሰማሉ። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ደግሞ ከማስተማርና ከምርምር ጋር የማኅበረሰብ አገልግሎት እንዲሰጡ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ኃላፊነት ሰጥቷቸዋል። ለምሳሌ ከጉራጌ ዞን ዋና ከተማ ከወልቂጤ ወጣ ብሎ ጉብሬ ላይ የሚገኘው የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ የጤና፣ የግብርና፣ የምህንድስናና የሒሳብ አያያዝ ተማሪዎች አሉት። ማዕከሉ የሚያስፈልገው እውቀት አጠገቡ አለ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር ልብ እንበል። ተማሪው ይመረቃል፣ ሥራ ይይዛል፣ ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል። ልጁ ግን እዚያው ይቀራል። ስለዚህ «ተማሪው ምን ይዞ መጣ?» ከማለት ይልቅ «ሲሄድ በማን እጅ ምን ትቶ ይሄዳል?» ብለን ብንጠይቅ ይሻላል።

አስቀድሞ ማየትና መጠየቅ

ነህምያ ኢየሩሳሌም ሲደርስ ወዲያው ስብሰባ አልጠራም። ሦስት ቀን ቆየ፤ ከዚያም ከጥቂት ሰዎች ጋር በሌሊት ወጥቶ የፈረሰውን ቅጥር በዓይኑ ተመለከተ (ነህ. 2፥11-16)። ተነሡ እንሥራ ያለው ካየ በኋላ ነው። ቅጥሩንም የሠራው እርሱ ብቻውን አልነበረም፤ ብዙዎቹ በየቤታቸው ፊት ለፊት ያለውን አደሱ (ነህ. 3)። ጊዜው አልፎ ወደ ንጉሡ ሲመለስ ቅጥሩ አብሮት አልሄደም!

ወደ ጉራጌ ምድር የሚሄድ ተማሪም ይህን ያስብ። ይህ ሕዝብ ደቦንና እቁብን የሚያውቅ ነው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. አዲስ አበባና በየከተማው የሚነግዱ ተወላጆች ከገጠር ወገኖቻቸው ጋር ተባብረው፣ ገንዘብ አዋጥተው የመንገድ ሥራ ድርጅት አቁመዋል፤ ለአገራቸውም መንገድ አስወጥተዋል። «ልማት ላስተምራችሁ» ብሎ የሚነሣ እንግዳ፣ አስተማሪዎቹ ፊት መቆሙን ይወቅ። እናቶቹንና አባቶቹን «በእጃችሁ ምን አለ? የጎደለውስ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቅ።

ቆይቶ መሥራት

ቡታጅራ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ናት። በዚህች ከተማና በዙሪያዋ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ ከስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ እ.ኤ.አ. በ1986 የቡታጅራን የገጠር ጤና ፕሮጀክት ጀመረ። ዘጠኝ የገጠርና አንድ የከተማ ቀበሌ ተመረጡ። ሠራተኞች በየቤቱ እየተመላለሱ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን መጣ፣ ማን ሄደ እያሉ ለብዙ ዓመታት መዘገቡ። በርካታ የሁለተኛና የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪዎች ጥናታቸውን የሠሩት በዚህ መዝገብ ላይ ነው። የሕጻናት ሕመምና ሞት ከመጀመሪያዎቹ ጉዳዮች አንዱ ነበር።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? ተማሪዎቹ ይለዋወጡ ነበር፤ ሥራው ግን ቀጠለ። አንዱ የጀመረውን ሌላው ተቀበለው። የአንድ ሕጻናት ማዕከልም እንዲህ ያለ መዝገብ ያስፈልገዋል። የልጁ ክብደት፣ ክትባቱ፣ የትምህርት ውጤቱ፣ የቤተሰቡ ሁኔታ በተማሪው ላፕቶፕ ሳይሆን በማዕከሉ መዝገብ ላይ ይጻፍ። ዘንድሮ የሚመረቀውም ለቀጣዩ አስረክቦ ይሂድ።

ከቡታጅራ ብዙም በማይርቀው በየቴቦንም ሌላ ምሳሌ አለ። ወይዘሮ ማርታ ገብረ ጻድቅና ባለቤታቸው አቶ ደሜ ተክለ ወልድ በስደት ሳሉ እ.ኤ.አ. በ1977 ስደተኞችን ለመርዳት ፕሮጀክት ሜርሲን መሠረቱ። በኋላም ወደ አገራቸው ተመልሰው በየቴቦን ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታልና የወላጅ አልባ ልጆች መኖሪያ ያለበት ሥራ አቆሙ። በየጊዜው ከሩቅ አገር በጎ ፈቃደኞች እየመጡ አግዘዋል። ሆኖም የሥራው ምሰሶ የሚመጡትና የሚሄዱት አልነበሩም፤ ኑሯቸውን እዚያ ያደረጉት ባልና ሚስት ነበሩ እንጂ።

ከጓዳ የሚጀምር ልማት

የልጁ ችግር ማዕከሉ ግቢ ውስጥ አይጀምርም፤ ቤቱ ነው የሚጀምረው። ቆጮ ለጉራጌ ቤት የጀርባ አጥንት ነው፤ ኃይል ይሰጣል። ገንቢ ምግብነቱ ግን በጣም አነስተኛ ነው። የጤና ተማሪ ለእናቶች ማስተማር ያለበት ቆጮን ስለ መተው አይደለም፤ ባቄላ፣ አይብ፣ እንቁላልና ጎመን ለልጁ ድርሻ እንዲጨመርለት ነው።

እንሰት አጠውልግ የሚባለው በሽታ ጓሮ ሲገባ ደግሞ የዓመታት ልፋት ይወድማል። የግብርና ተማሪ የታመመውን ተክል ነቅሎ መቅበርን፣ ቢላዋውን በእሳት ለብልቦ ማጽዳትን፣ ከጤነኛ ጓሮ ችግኝ መውሰድን ከገበሬው ጋር ሆኖ በተግባር ሊያሳይ ይችላል። ይህ ከሕጻናት ጋር ምን ያገናኘዋል? በጣም እንጂ! ጓሮው ሲደርቅ ልጁ ደብተሩን አስቀምጦ ሊስትሮ ሊሠራ አዲስ አበባ የሚገባበት መንገድ ይከፈታል። እንሰቱን ማዳን ልጁን ከእናቱ ጋር ማቆየት ነው።

የልጁን ልብ እንጠብቅ

አባቱን ያጣ ልጅ የሚያጫውተውን ተማሪ ቶሎ ይወዳል። «እመለሳለሁ» ሲሉት በየቅዳሜው በር በሩን ያያል። የዘገየ ተስፋ ልብን እንደሚያሳምም መጽሐፍ ይነግረናል (ምሳሌ 13፥12)። ስለዚህ የማንፈጽመውን ቃል አንግባ። መቼ እንደምንሄድ ከመጀመሪያው ቀን እንንገረው። ያለ ወላጆቹ ፈቃድ ፎቶግራፉን አናንሣ፤ ብቻችንንም ከልጅ ጋር በተዘጋ ክፍል አንቀመጥ። ታናናሾቹን ስለሚያሰናክል ጌታ የተናገረው ማስጠንቀቂያ ቀላል አይደለም (ማቴ. 18፥6)።

ሌላም አለ። በእነዚህ ከተሞች ሙስሊሙ፣ ኦርቶዶክሱና ወንጌላዊው ጎረቤታሞች ናቸው፤ ወደ ማዕከሉ የሚመጡትም ልጆች ከሁሉም ቤት ናቸው። ወንጌልን አናፍርበትም። ነገር ግን በደብተርና በዩኒፎርም ሰውን ወደ ጌታ ማምጣት አይቻልም። ጌታ ለምጻሞቹን ሲያነጻ ያመሰገነው አንድ ብቻ ነበር፤ የነጹት ግን አሥሩም ናቸው (ሉቃ. 17፥11-19)። እኛም ለልጁ የምናደርገው ልጅ ስለ ሆነ ነው።

ታዲያ የባልና የሚስት ድርሻ ምንድን ነው?

ነገሩ እናንተ ቤት ይደርሳል ብለናል። ተማሪው ሲሄድ የሚቀሩት የአጥቢያው ባለትዳሮች ናቸውና፦

1. በከተማችሁ የሚማሩ ተማሪዎች ካሉ እሑድ ምሳ ጋብዟቸው። ከወላጅ ርቆ የሚያገለግል ወጣት እናትና አባት ያስፈልገዋል።

2. ከማዕከሉ አንድ ቤተሰብ ይዛችሁ ተከታተሉ። ለገንዘብ አትጨነቁ፤ በወር አንድ ጊዜ ቤታቸው ሄዳችሁ ቡና ጠጡ። ተማሪው ሲሰናበት ልጁ «እነ እትዬ አሉ» ይበል።

3. ልጃችሁ ዩኒቨርሲቲ ከገባ ስለ ውጤቱ ብቻ አትጠይቁት። «በተማርከው ማንን ጠቀምህ?» በሉት።

4. የአጥቢያው ሽማግሌዎች ከዩኒቨርሲቲው ጋር የሚሠራውን፣ የሚረከበውንና የሚያበቃበትን ቀን በጽሑፍ ይስማሙ። ግንብ ሊሠራ የሚነሣ አስቀድሞ ኪሳራውን ይቈጥራል (ሉቃ. 14፥28)።

ዛሬ ማታ ከእራት በኋላ ሁለታችሁ ተቀምጣችሁ ተነጋገሩ፦ በአጥቢያችን ማዕከል ካሉት ልጆች የስንቱን ስም እናውቃለን? አንድም ከሌለ፣ በሚመጣው ቅዳሜ ሄዳችሁ ከአንድ ልጅ ስም ጀምሩ።

የድኻ አደጎች አባት የሆነ አምላክ ቤታችሁን ይባርክ። አሜን።