ፎርሙላ ውስጥ የተረሳው 235 ብር

ጂንካ ላይ አነስተኛ ፔንሲዮን አለዎት እንበል። ቅዳሜ ገበያ ነው። አሪው፣ በናው፣ ሙርሲው ከየአቅጣጫው ይገባል፤ ቱሪስቱም ቀኑን ጠብቆ ይመጣል፤ አልጋው ሁሉ ይያዛል። የወሩ መጨረሻ እዚህ ግርግር ላይ ሲወድቅ የሠራተኛ ደመወዝ የሚሠሩት ማታ፣ ልጆች ከተኙ በኋላ ነው። የኤክሴል ፋይሉን ከዓመታት በፊት አንድ ዘመድ አዘጋጅቶልዎታል። ደመወዙን ሲጽፉ ግብሩን ራሱ ያወጣል። እንዴት እንደሚያወጣው ግን ጠይቀው አያውቁም።

እስቲ ግብሩ ያለበትን ሴል ይጫኑና ከላይ የሚታየውን ፎርሙላ ያንብቡ። ኢፍ ውስጥ ሌላ ኢፍ፣ በእሱም ውስጥ ሌላ፣ መጨረሻው ላይ የቅንፍ ክምር። በመሀሉ 600፣ 1650፣ 3200 እያለ እስከ 10900 የሚሄድ ከሆነ፣ ፋይልዎ ገና በ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ ላይ ነው ያለው። አዋጁ ተሻሽሎ ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ 2,000 ብር ያለው ደመወዝ ከግብር ነፃ ሆኗል፤ ሌሎቹ እርከኖችም ተቀይረዋል።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። 6,000 ብር የምትከፈል ምግብ አብሳይ በድሮው 935 ብር ግብር ይቆረጥባት ነበር፤ በአዲሱ 700 ነው። 2,500 የሚያገኘው ጥበቃ ከ232.50 ወደ 75 ብር ይወርዳል። ፎርሙላው ካልተነካ ልዩነቱ በየወሩ ከእነሱ ኪስ ይወጣል።

ታዲያ የኢፍን ሰንሰለት መጠገን ራስ ያዞራል። እስከ 2003 እ.ኤ.አ. የወጡት ኤክሴሎች ከ7 በላይ ድርብርብ አይቀበሉም ነበር፤ ከ2007ቱ ወዲህ 64 ይፈቀዳል። ቢፈቀድስ? 64 ኢፍ አንብቦ ስህተት የሚያገኝ ሰው እኔ አላውቅም።

የሚሻለው ቁጥሮቹን ከፎርሙላው አውጥቶ ሰንጠረዥ ላይ ማስቀመጥ ነው። አዲስ ገጽ ይክፈቱ። በመጀመሪያው ዓምድ ወደ ታች የእርከኖቹን መነሻ ይጻፉ፦ 0፣ 2000፣ 4000፣ 7000፣ 10000፣ 14000። በሁለተኛው የግብሩን ልክ፦ 0፣ 15፣ 20፣ 25፣ 30፣ 35 በመቶ። በሦስተኛው ተቀናሹን፦ 0፣ 300፣ 500፣ 850፣ 1350፣ 2050። (ደመወዙ ልክ 4,000 ቢሆን በየትኛው እርከን ይገባል ብለው አይጨነቁ፤ በሁለቱም 300 ብር ነው የሚመጣው።)

ከዚያ ቪሉክአፕ የሚባለውን ፎርሙላ ይጠቀሙ። ደመወዙን በሰንጠረዡ ውስጥ ፈልጎ፣ ከሁለተኛው ዓምድ ልኩን ያመጣልዎታል፤ በደመወዙ ያባዙት። በሌላ ቪሉክአፕ ከሦስተኛው ዓምድ ተቀናሹን አምጥተው ይቀንሱ። የፎርሙላው መጨረሻ ላይ 1 መጻፍዎን አይርሱ። 0 ከጻፉ ኤክሴል ልክ 6000 የሚል ቁጥር ሰንጠረዡ ውስጥ ይፈልጋል፣ ስለማያገኝም ስህተት ይሰጣል። ሰንጠረዡን የሚጠቅሰውን ክፍል ደግሞ በኤፍ4 ያስሩት፤ አለዚያ ወደ ታች ሲቀዱት አብሮ ይንሸራተታል። ኢፍኤስ የሚባል አዲስ ፎርሙላም አለ፤ ግን አሮጌ ኤክሴል አያውቀውም። ቪሉክአፕ በአሮጌውም ላፕቶፕ፣ ኔትወርክ በጠፋበትም ማታ ይሠራል። አዋጁ ነገ ቢቀየር የሚነኩት ሰንጠረዡን ብቻ ነው።

የአብሳይዋ ረድፍ ላይ 700 ካነበቡ ሥራው ተሳክቷል። ባለፉት ወራት በትርፍ የተቆረጠ ካገኙ ወር በወር ጽፈው ይዘው ገቢዎች ቢሮ ሄደው ይጠይቁ። ለሠራተኞቹም ራስዎ ቀድመው ይንገሯቸው።