ወተቱን በአፍንጫ ብቻ?

ቡሪ ሳለን ወተት የምንገዛው በአህያ ጭኖ ከሚያዞር ሰውዬ ነበር። አሽትተን ካልኮመጠጠ «ደህና ነው» ብለን ለልጅ እንሰጣለን። ሰውዬው ራሱም ከዚያው ስለሚጠጣ ክፋት አልነበረውም። ሳልሞኔላ ግን አይሸትም። ላቦራቶሪ ይየው ቢባል ባክቴሪያውን አራብቶ ለመለየት ቀናት ይፈጃል፤ እስከዚያ ወተቱ ተጠጥቶ አልቋል!

በብርሃን የሚለይ መሣሪያ አለ። ስስ ወርቅ ላይ ባክቴሪያውን ለይቶ የሚይዝ ነገር ይለጠፋል፤ ባክቴሪያው ሲያዝ ከወርቁ የሚመለሰው ብርሃን ይለወጣል። በዚህ ዘዴ እንዲህ ያለ ምርመራ እንደሚቻል በ1983 እ.ኤ.አ. ያሳዩት ስዊድን ያሉ ተመራማሪዎች ናቸው። እርግጥ የወተት ስብ ያውከዋል፣ ባክቴሪያው ጥቂት ከሆነም አስቀድሞ ማራባት ይጠይቃል፤ ዋጋውም አይቀመስም።

«ለስደተኛ ቅንጦት ነው» የሚሉን አሉ። አንስማማም። በብዙ የእርግዝና መመርመሪያዎች ላይ የሚወጣው ቀይ መስመር የደቃቅ ወርቅ ቀለም ነው፤ እሱ ግን በርካሽ ይሸጣል። ሱዳን በ2024 እ.ኤ.አ. ወረርሽኙን ያወጀችበት ኮሌራም ተመሳሳይ ወረቀት አለው። ታዲያ የሚመረመረው የታማሚው ሰገራ እንጂ የበላው ምግብ አይደለም። ረጂ ድርጅቶችን የምንጠይቀው ይህንኑ ነው፦ ምርመራው ሰው ሳይታመም ወጥ ቤታችን ይድረስ።

እስከዚያ ወተቱን እናፍላ። ከሰል መወደዱንማ እኛም እናውቃለን።