“ለድብ የሚሆን ሽጉጥ ምረጡልኝ”

የፍቅርና የአማት ጣጣ የለመደው ይህ አምድ ዛሬ ድብ ገጥሞታል። አዎ፣ ድብ! ደብዳቤው የመጣው ከአላስካ፣ ከአንኮሬጅ ከተማ ነው። ጸሐፊው ግን የአዲስ አበባ ልጅ ነው። አሳጥሬ ላቅርበው።

“ዕድሜዬ 26 ነው። በግሪን ካርድ አጎቴ ዘንድ መጥቼ ዓሣ ፋብሪካ እሠራለሁ። በመጪው ወር ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ኬናይ በሚባለው አገር ጫካ ውስጥ አራት ሌሊት ልናድር ነው። አንደኛው ጠመንጃ ይይዛል። እኔ ደግሞ መጠባበቂያ ሽጉጥ እንድይዝ ተወሰነ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ 500 ማግነም የሚባል ኃይለኛ ሪቮልቨር ሊሸጥልኝ ቀብድ ሰጥቼዋለሁ። እውነቱን ለመናገር በሕይወቴ ተኩሼ አላውቅም። ልውሰደው ወይስ ሌላ ትመርጡልኛላችሁ? የሚረጭ ጣሳ ያዝ የሚሉኝም አሉ። ግን ድብን በበርበሬ? እናቴ ስለ ጉዞው አልሰማችም።”

ወንድሜ፣ እናትህን ለጊዜው እንተዋትና በርበሬውን ከመናቅህ እንጀምር። ጣሳው ውስጥ ያለው የሚጥሚጣ ዘመድ ነው፤ የሚያቃጥለው ነገር ያው ነው። እኛ ቤት በርበሬ ሲታመስ ሰፈሩ በሙሉ ሲያስነጥስ አላየህም? የድብ አፍንጫ ደግሞ ካንተ አፍንጫ እጅግ የበለጠ ነው። ቶም ስሚዝና ስቴፈን ሄሬሮ የተባሉ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት የአላስካ ጥናት፣ ርጭቱ ቡናማ ድቦችን ከመቶ 92 ጊዜ ካሰቡት ነገር አስቁሟቸዋል። በ2012 ደግሞ ስለ ጦር መሣሪያ 269 አጋጣሚዎችን መርምረው ሽጉጥ ከመቶ 84፣ ረጅም መሣሪያ ከመቶ 76 ሠርቷል አሉ። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ መፍረድ ልክ አይደለም፤ ርጭት ከተረጨባቸው ድቦች ብዙዎቹ ለማየት የመጡ እንጂ የተቆጡ አልነበሩምና። ቢሆንም በርበሬ መሳቂያ እንዳልሆነ ያሳያል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጣሳው ነው። ሽጉጡ ነፋስ ርጭቱን ወደ ራስህ ሲመልሰው፣ ጣሳው ሲያልቅ፣ ወይም ድቡ ድንኳንህ ላይ ሲደርስ የሚወጣ ነው። መጠባበቂያ ማለት ይኸው ነው።

አሁን ወደ 500 ማግነም። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ያወጣው በ2003 ነው፤ አምስት ጥይት ይጎርሳል፤ ኃይሉም አልተጋነነም። ችግሩ ኃይሉ አንተም ላይ መሆኑ ነው።

እኔ ራሴ እዚያው አላስካ ሁለት በጋ ዓሣ ስቆርጥ ነበር (የነሱ በጋ የኛ ክረምት ነው)። እንዳንተው ተመክሬ አፈሙዙ አጭር የሆነ 44 ማግነም ገዛሁ። የመጀመሪያዋን ስተኩስ መዳፌ ነደደ፣ ጆሮዬ ጮኸ፣ ወረቀቱ ግን ተመታ። ጎረርኩ። ከዚያ በኋላ በሰባት ሜትር ርቀት የተኮስኳቸው አምስቱም ሳቱ! አንድ የአገሬው ሽማግሌ ሽጉጡን ተቀብሎ ጀርባውን ሰጠኝና ሞልቶ መለሰልኝ። ቃታውን ስስብ “ቀጭ” አለ፤ ባዶ ቀለሃ ኖሯል። ጥይት ሳይኖር አፈሙዙ በራሱ ወደ መሬት ጎንበስ አለ። እጄ ምቱን ፈርቶ ቀድሞ ይደነግጣል፣ ዓይኔም ይጨፈናል። ሽማግሌው አልሳቀም። “ድቡን ሳይሆን ከፊቱ ያለውን ሣር ነው የምትገድለው” አለኝ።

አስብ እንግዲህ። ቡናማ ድብ በሰዓት 56 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣል። ይህ ማለት 30 ሜትርን በሁለት ሰከንድ ይጨርሳል ማለት ነው። አንድ ጥይት ብትስት ሁለተኛዋን ዓላማ ላይ ለመመለስ ትልቁ ሽጉጥ ጊዜ ይወስድብሃል፤ ጊዜ ደግሞ የለህም።

ምረጥልኝ ካልክ፣ ለጀማሪ እጅ እኔ 10 ሚሊ ሜትሩን ግሎክ 20 እመርጣለሁ። 15 ጥይት ይይዛል፣ ከባዶ 500 ማግነም እጅግ ይቀላል፣ ምቱም ይቻላል። ሪቮልቨር ከወደድክ 357 ማግነም በቂ ባይሆንም የምትመታበት 357 ከምትስትበት 500 ይሻላል። 44ቱ የልምድ ሰው መሣሪያ ነው፤ እኔ የቻልኩት በሁለተኛው በጋ ነው። የቱንም ብትወስድ ከጉዞው በፊት ደጋግመህ ተለማመድበት፤ ካልተለማመድክ ቤት ይቅር።

ጥይቱንም አትርሳ። ለከተማ የሚሸጠው ጫፉ ክፍት የሆነው ጥይት ሥጋ ውስጥ ሲገባ ይሰፋና ቶሎ ይቆማል። ድብ ደግሞ ጠጉር፣ ስብ፣ ጡንቻና አጥንት ተደራርቦበታል። ጠልቆ እንዲገባ ጠንካራ እርሳስ፣ ጫፉ ጠፍጣፋ የሆነውን ጠይቅ። ፋብሪካው ለሽጉጥህ ይሆናል ማለቱንም አረጋግጥ።

አፎቱ ደረት ላይ የሚታሰር ይሁን። እኔ ወገቤ ላይ አስሬው፣ የሻንጣዬ ቀበቶ ላዩ ላይ ወጥቶበት፣ አንድ ቀን ወንዝ ዳር ድብ በሠላሳ እርምጃ ርቀት ቆሞ ሲያየኝ እጄ ቀበቶ ሲፈታ ነበር። ተመስገን፣ እሱ በራሱ ጊዜ ዞሮ ሄደ። ጣሳዬስ? ሻንጣው ውስጥ!

ስለ ሕጉ። ለግሪን ካርድ ባለቤት ችግር የለም። በተማሪና በጉብኝት ቪዛ ያላችሁ ግን፣ የአደን ፈቃድን የመሰለ ልዩ ሁኔታ ከሌለ፣ ሽጉጥም ጥይትም መያዝ በፌዴራል ሕግ ክልክል ነውና እንዳትሳሳቱ። በአውሮፕላን ሽጉጥ ባዶውን፣ በተቆለፈ ጠንካራ ሳጥን፣ ተናግረህ በሚጫነው ሻንጣ ይሄዳል፤ ጣሳው ግን በየትኛውም ሻንጣ አይፈቀድም፣ እዚያው ግዛው። ሌላም አለ፤ አላስካ ውስጥ ራስህን ለማዳን ድብ ከገደልክ ለመንግሥት ማስታወቅ ብቻ አይበቃም፤ ቆዳውን ከነጥፍሩ ገፈህ፣ ከራስ ቅሉ ጋር ታስረክባለህ። በግ ገፈህ ታውቃለህ? ድብ ከበግ ይበልጣል። ድቡን ያመጣው ሜዳ ላይ የተውከው ምግብ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ምግባችሁን ከድንኳኑ መቶ ሜትር ያህል አርቁ።

ባልደረባህን ነገ አግኘውና “ከመግዛቴ በፊት አንድ አምስት ጥይት ልተኩስበት” በለው። እምቢ ካለ ቀብድህን ጠይቅ። አልመልስም ካለ፣ ያው የጥይት ሒሳብ ነው ብለህ ተወውና ለራስህም ለጓደኞችህም አንዳንድ ጣሳ ግዛ። እንዴት እንደሆነ ከጉዞው ስትመለስ ጻፍልኝ፤ አንባቢዎቼ መጠየቃቸው አይቀርም።

ሳምንት በሌላ ደብዳቤ እንገናኝ።