በስማችን የሚቆፈረው ባሕር

የወደብ ነገር በተነሣ ቁጥር ሁላችንም ካርታ እንዘረጋለን። ጣታችን ከአሰብ ወደ ጅቡቲ፥ ከበርበራ ወደ ላሙ ይሮጣል፤ ርቀቱን በኪሎ ሜትር፥ ኪራዩን በዶላር እናሰላለን። ከዚህ ሁሉ ስሌት መካከል ግን ጣታችን ባረፈበት ስፍራ የሚኖረው ማነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሲነሣ አልሰማንም።

ላሙን እንውሰድ። የሩቅ አገር ጉዳይ ነው የሚለን ቢኖር ይታገሠን። የካቲት 23 ቀን 2004 ዓ.ም.፥ እኛ እዚህ የዓድዋን ድል ስናከብር፥ የኬንያው ፕሬዚዳንት ምዋይ ኪባኪ፥ የደቡብ ሱዳኑ ሳልቫ ኪር እና የእኛው ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በዚያ ባሕር ዳር ተገኝተው ሥራውን አስጀመሩ። 32 የመርከብ መቆሚያ፥ የባቡር ሐዲድ፥ አውራ ጎዳና፥ የነዳጅ ቧንቧ ታቀደ። የመጀመሪያው መቆሚያ በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። የእቅዱ ስም በአጭሩ «ላፕሴት» ነው፤ ሲፈታ የላሙ ወደብ፥ ደቡብ ሱዳንና ኢትዮጵያ መጓጓዣ ማለት ይሆናል። እንግዲህ ስማችን በሰሌዳው ላይ ተጽፎ ሳለ እኛ ምን አገባን ልንል አንችልም።

ለዚህ ሥራ ጥብቅና የሚቆም ሰው ዝግጁ መልስ አያጣም። ዩኔስኮ በ1994 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የመዘገበው በደሴቲቱ ላይ ያለውን አሮጌውን የስዋሂሊ ከተማ ነው፤ ወደቡ የተሠራው ደግሞ ማዶ፥ በማንዳ የባሕር ወሽመጥ ነው፤ ስለዚህ ከቅርሱ አንድ ድንጋይ አልተነካም ይላል። በካርታ ላይ እውነት ነው። ዳሩ ግን ያ ከተማ ከምን ተሠራ? ግንቡ የኮራል ድንጋይ ነው። ጣሪያውን የተሸከመው እንጨት በጨው ውሃ ውስጥ የሚበቅለው ማንግሮቭ ነው። በጠባቦቹ መተላለፊያዎች የሚሄደው እግረኛና አህያ ነው፤ የከተማዪቱ ሰፊ ጎዳና ከጥንት ጀምሮ ባሕሩ ነው። ባሕሩን ከላሙ ለይቶ ላሙን ጠበቅሁ ማለት፥ ገበሬውን ከእርሻው አባሮ ጎጆውን አላፈረስሁም እንደ ማለት ነው።

የላሙ ዓሣ አጥማጅ ጀልባው ትንሽ ናት። ነፋስ በሚበረታበት ወራት ከኮራሉ አልፎ ወደ ጥልቁ ባሕር መውጣት ስለማይችል በደሴቶቹ መካከል ባለው ጸጥተኛ ውሃ ያጠምዳል። የት ጥልቅ፥ የት ደለል፥ ዓሣው በየትኛው ወር በየትኛው ሰርጥ እንደሚያልፍ ከአባቱ ተምሮአል። ለግዙፍ መርከቦች መግቢያ ተብሎ የተቆፈረው እንግዲህ በዚሁ ውሃ ውስጥ ነው። ጭቃው ሲበጠበጥ ኮራሉና የባሕሩ ሣር ይታፈናል፤ ማንግሮቩ ሲቆረጥ የዓሣው መራቢያ ይጠፋል። ያ ከአባት የተወረሰ ዕውቀትም ቦታው ከተለወጠበት ወዲያ ለምን ይጠቅማል? ይህ ቅርስ ካልተባለ ቅርስ የሚባለው ቱሪስት ፎቶግራፍ የሚያነሣው ብቻ ነው ማለት ነው።

ይህን የፈጠርነው እኛ አይደለንም። በማሊንዲ ያስቻለው የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በሚያዝያ 2010 ዓ.ም. ሕዝቡ በሚገባ ሳይጠየቅ ሥራው እንደ ተጀመረ፥ የንጹሕ አካባቢ መብቱና የባህል መብቱም እንደ ተጣሰ ፈረደ፤ ለ4,600 ያህል ዓሣ አጥማጆችም 1.76 ቢሊዮን የኬንያ ሽልንግ ካሣ እንዲከፈል አዘዘ። ከዚያ በኋላ በይግባኝና በድርድር ዓመታት አለፉ፤ ግንባታው ግን ይግባኝ አልጠበቀም። ሆኖም ሕዝቡ ተስፋ ቆርጦ አልተቀመጠም። በዚያው ዳርቻ 1,050 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ የድንጋይ ከሰል ጣቢያ ሊተከል ሲታሰብ ተከራከረ፤ የአገሪቱ የአካባቢ ጉዳይ ዳኞች ጉባኤም በሰኔ 2011 ዓ.ም. ፈቃዱን ሰረዘ።

ወደብ አያስፈልገንም የሚል ሰው ከእኛ መካከል የለም። ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት አገር አብዛኛውን ዕቃዋን በአንድ በር ስታስገባ መኖር እንደማይበጃት እናውቃለን። ነገር ግን «ልማት መሥዋዕትነት ይጠይቃል» የሚለውን አነጋገር ጠግበነዋል። ይህን የሚለው ሰው ከቶ ራሱን ለመሥዋዕት ሲያቀርብ አላየንም፤ ሁልጊዜ የሚያቀርበው ሌላውን ነው፤ እዚህ ላይ ደግሞ የሌላ አገር ድኻ። ስለ ሲሚንቶውና ስለ ብረቱ ዋጋ ሰንጠረዥ አውጥተን እንማራለን፤ የዓሣ አጥማጁ ውሃ የሚገባበት ረድፍ ግን በሰንጠረዡ ላይ የለም። ነገ ውል የሚያረቁትም፥ ባሕር የሚያስቆፍሩትም ከዚህ ግቢ የሚወጡ ናቸውና ጉድለቱ ቀላል አይደለም።

ስለዚህ ኅብረቱ በወደብ ላይ ክርክር ባዘጋጀ ጊዜ የባሕር ዳር ነዋሪው ጉዳይ ራሱን የቻለ ጥያቄ ሆኖ እንዲቀርብ እንጠይቃለን። የሕግ ተማሪዎች የማሊንዲውን ፍርድ አንብበው ፍሬ ነገሩን በአማርኛ ያቅርቡልን። የምሕንድስና መምህሮቻችንም ያ የጎደለው ረድፍ እንዴት እንደሚሞላ ቢያስተምሩን ደስ ይለናል። የለም፥ ይህ የሥራ ፈት ወሬ ነው የሚል ካለ ምክንያቱን ጽፎ ያምጣ፤ በሚቀጥለው እትም አንድ ገጽ ይጠብቀዋል።