ማሽላው ጥፋት የለበትም

በጥቅምት የራያ ሜዳ መሬቱ አይታይም። ከቆቦ ወደ አላማጣ በሚወስደው አስፋልት ግራና ቀኙ ማሽላ ነው። ደጋሌቱም ጅጉርቲውም ራሱ ከብዶት አዘንብሎ ይቆማል፤ ልጆች ማማ ላይ ወጥተው ወንጭፍ እያስጮኹ ወፍ ይጠብቃሉ። ዘንድሮ ከዚህ ማሽላ አንድ ማሳ ሳይደርስ ሊታጨድ ነበር። የተከሰሰው ኢንተርኔት ዘጋ ተብሎ ነው።

ዋጃ ላይ ከመንገዱ ዳር ፎቶ ኮፒ የማነሳባት፣ ስልክና ኮምፒውተር የምጠግንባት አንዲት ክፍል አለችኝ። በአካባቢያችን ካሉት ትምህርት ቤቶች አንዱ ነው የጠራኝ፤ ስሙን አልጠራውም፣ የእሱ ብቻ ችግር አይደለምና። ኢንተርኔቱ የሚገባው በአስተዳደሩ ሕንጻ በኩል ነው። የኮምፒውተር ክፍሉ ግን ከዚያ ከተከሰሰው ማሽላ ማዶ ባለው አዲሱ ሕንጻ ውስጥ ነው፤ በመሐላቸው 400 ሜትር ያህል አለ። የተለመደው የኔትወርክ ኬብል ከ100 ሜትር አያልፍም። ስለዚህ አምና የመጡ ባለሙያዎች በሁለቱ ጣሪያዎች ላይ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ነጫጭ አንቴናዎች ተክለው ሕንጻዎቹን በአየር አገናኟቸው። ሽቦ አልባ ብሪጅ የሚባለው ይህ ነው።

ዓመቱን ሙሉ ሠራ። ዘንድሮ መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት አልሠራም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2016 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በከፊል በኦንላይን ከተሰጠ ወዲህ የኮምፒውተር ክፍል ለተማሪ እንደ ጌጥ የሚታይ ነገር አይደለም። መዳፊት በቅጡ ያልጨበጠ ልጅ የዓመታት ልፋቱን በስክሪን ላይ ሊፈተን ነው። እነዚህ ልጆች መስከረምን ጨርሰው፣ ጥቅምትንም አጋምሰው፣ በተቆለፈ በር አጠገብ ያልፉ ነበር።

እኔ ስደርስ ስለዚሁ ጉዳይ የተጠራው ስብሰባ አልቋል። ውሳኔው ማሽላውን ማጨድ ነው። ጥርጣሬው ከሜዳ የመጣ እንዳልሆነ ልመስክር። በሁለት አንቴናዎች መካከል የሚሄደው ሞገድ እንደ ክር የቀጠነ መስመር አይደለም፤ እንደ እንዝርት መሐሉ ላይ ይወፍራል። በ5 ጊጋኸርዝ ለሚሠራ አንቴና፣ በ400 ሜትር ርቀት፣ የመሐሉ ውፍረት ወደ ላይም ወደ ታችም ከ2 ሜትር በላይ ይሆናል። እዚያ ውስጥ የገባ እርጥብ ቅጠል ሞገዱን ይውጠዋል። ዛፍ አድጎ የዘጋውን ግንኙነት በዓይኔ አይቻለሁ።

የግቢው ጥበቃ በዕድሜ የገፉ አባት ናቸው፤ አያ ነው የምላቸው። ማሽላውን ከዘር ጀምሮ የጠበቁት እሳቸው ናቸው። ሰው ሁሉ ሲበተን ዱላቸውን ተደግፈው ወደኔ ቀረቡና «ልጄ፣ ማሽላው ጥፋት የለበትም» አሉኝ። «አምናም እዚሁ ነበር። እንዲያውም የአምናው ይረዝም ነበር። ልጆቹ ግን ይማሩ ነበር።»

ስንት መሣሪያ ይዤ ሄጄ ከዚህ የተሻለ ምርመራ አላደረግሁም። «ታዲያ አያ፣ ከአምናው ምን ተቀየረ?» አልኳቸው።

«ዕቃው ነዋ! ክረምት ላይ መብራት ሄዶ ሲመለስ ተቃጠለ። አዲሱን ከወልድያ አመጡት።»

ዕቃው የሚሉት ኢንተርኔቱን ለኮምፒውተሮቹ የሚያከፋፍለውን ራውተር ነው።

ቢሮ ገባሁ። ሁሉም መብራት በርቷል። ራውተሩ በርቷል፤ ፒኦኢ የምንላት፣ ለጣሪያው አንቴና በዚያው ኬብል ኤሌክትሪክ የምትልከው ትንሽ ጥቁር ሳጥንም በርታለች። እዚች ሳጥን ላይ ሁለት ቀዳዳ አለ፤ አንዱ ወደ ራውተሩ፣ ሌላው ወደ አንቴናው። ተገላብጦ ተሰክቶ ያገኘሁበት ቀን ብዙ ነው፤ እዚህ ግን በትክክል ነበር። የኬብሉን ሁለት ጫፍ አየሁ፤ ደህና ነው። ቢሮው ውስጥ ስልክ ላይ ኢንተርኔት ይሠራል። ስለዚህ መስመሩ ደህና ነው፣ ራውተሩም ደህና ነው፣ አንቴናውም ኤሌክትሪክ ያገኛል። ሁሉም ደህና ሆነው እርስ በርስ አይነጋገሩም።

የአንቴናዎቹን አድራሻና ፓስወርድ ጠየቅሁ። የሚያውቅ የለም። የኮምፒውተር መምህሩ ተዛውሯል። የተከሉት ሰዎች ትተውት የሄዱት ስልክ ቁጥር አይነሳም። ወረቀት የለም። አንዱ መምህር «ሪሴት አድርጊውና እንደ አዲስ ይጀመር» አለኝ። እሺ አላልኩም፤ ሪሴት ከተደረገ አንቴናው ማዶ ያለውን ጓደኛውን ይረሳዋል፤ ያኔ እውነተኛ ችግር ይመጣል።

ማሽላውን ዞሬ ወደ ኮምፒውተር ክፍሉ ሄድኩ። አንዱን ኮምፒውተር ከፍቼ አድራሻውን ሳየው በእጅ የተጻፈ ነው፦ 192.168.1.21። መውጫ በሩ ብሎ የሚፈልገው ደግሞ 192.168.1.1 ነው። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንዲሁ። አዲሱ ራውተር ከፋብሪካ ይዞት የመጣው አድራሻ ግን 192.168.0.1 ነው። ከሥሩ የተለጠፈችው ወረቀት ላይ ተጽፏል።

ነገሩ ላልገባው አንባቢ እንዲህ ልበለው። በ192.168 የሚጀምሩ አድራሻዎች እ.ኤ.አ. በ1994 ለየቤቱ የግል ኔትወርክ ተብለው የተተዉ ናቸው፤ ዋጃም ቶኪዮም ያለ ሰው ቤቱ ውስጥ ይጠቀምባቸዋል። ሦስተኛው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ እንደ ጎጥ ነው፣ አራተኛው እንደ ቤት ቁጥር። አንቴናዎቹና ኮምፒውተሮቹ ጎጥ 1 ውስጥ ይኖራሉ፤ ጎረቤታቸው የነበረው ራውተር ሞተና የተካው ጎጥ 0 ላይ ቤት ሠራ። ኮምፒውተሮቹ ከመስከረም ጀምሮ የሚያውቁትን በር ሲያንኳኩ ከረሙ፤ እዚያ ቤት ግን ሰው የለም።

ላፕቶፔን 192.168.1.50 አልኩትና የክፍሉን ኮምፒውተሮች ከሚያገናኘው ስዊች ጋር አገናኘሁት። አንቴናዎቹ ከ1 ቀጥለው እንደሚሆኑ ገመትኩ። 3ን ፒንግ ሳደርግ፣ ማለትም አራት ጊዜ «አለህ ወይ?» ብዬ ስልክበት፣ መለሰ፤ እዚያው ከራሴ በላይ ጣሪያው ላይ ያለው ነው። 2ን ሳደርግ አራቱንም ጊዜ መለሰ። እሱ ያለው ማዶ፣ አስተዳደሩ ጣሪያ ላይ ነው። ማሽላው ሳይታጨድ፣ በላዩ ላይ መልእክት ሄዶ ተመለሰ። ከዚያ ቢሮ ተመልሼ የራውተሩን አድራሻ ወደ 192.168.1.1 ቀየርኩትና አጥፍቼ አበራሁት። ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም። መሄድና መመለሱን ጨምሮ ሥራው ሁሉ አንድ ሰዓት አልሞላም።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ ያ አንድ ሰዓት ነው። ለምን ከመስከረም ጀምሮ ተጠበቀ?

እኛ ስልክም ኢንተርኔትም ለወራት ጠፍቶብን የኖርን ሰዎች ነን። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ልጁ በሕይወት መኖሩን ለማወቅ የሚደውልበት ያጣ ቤተሰብ በየመንደሩ አለ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. በኋላም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበር። የሚቆርጠው ሩቅ ነው፣ የሚቀጥለውም ሩቅ ነው፤ የኛ ድርሻ መጠበቅ ነው። ይህ ልማድ ውስጣችን ገብቷል። ባንክ ሄደን «ሲስተም የለም» ሲሉን ለምን ብለን አንጠይቅም፤ ተመልሰን ጥላ እንፈልጋለን። አሁን ከክንድ በማይረዝም ኬብል ጫፍ የተፈጠረ ብልሽትም ከሩቅ የመጣ ይመስለንና እንጠብቀዋለን። የራቀውን መለወጥ አልችልም፤ የቀረበውን ግን ሳይመረምሩ መቀመጥን አልቀበለውም። ልጆቹ ያጡት ጊዜ አይመለስላቸውም።

እኔ በፕላዝማ ከተማሩት ነኝ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የገቡት እነዚያ ትልልቅ ስክሪኖች በሳተላይት ትምህርት ያመጡልን ነበር። የእኛ ክፍል ስክሪን አንድ ቀን ጠፋና በሳጥኑ ውስጥ አቧራ ለብሶ ቀረ። ምን እንደሆነ የነገረን የለም፤ እኛም አልጠየቅንም። የተከለው ሄዷል፣ ያወቀው ተዛውሯል።

«ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የተባለው ስትራቴጂ በ2012 ዓ.ም. ከጸደቀ ወዲህ ብዙ ዕቃ ወደ ገጠር ወርዷል፤ ደስ ይለኛል። የምጠይቀው ነገር ከዕቃው ሁሉ ርካሽ ነው። በሕዝብ ገንዘብ ኔትወርክ የሚዘረጋ ማንኛውም ባለሙያ አንድ ገጽ ወረቀት ጽፎ ሳያስረክብ ክፍያው አይለቀቅለት። የትኛው ዕቃ የት እንዳለ፣ አድራሻው ስንት እንደሆነ፣ የትኛው ኬብል ከየት ወደ የት እንደሚሄድ፣ በአማርኛ። አድራሻው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ ፓስወርዱ በታሸገ ፖስታ ከትምህርት ቤቱ ማኅተም ጋር ካዝና ይግባ። ከዚያው ግቢ ደግሞ አንድ ሰው፣ ዝውውር የማይነካው ቢሆን ይመረጣል፣ ፒንግ ማድረግን ይማር። ግማሽ ቀን ይበቃል።

የሙያ ጓደኞቼ ይቀየሙኝ ይሆናል። ፓስወርዱን በኪሱ ይዞ የሚሄድ ባለሙያ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን፤ ነገ ሲበላሽ እሱው እንዲጠራ ነው። እንጀራ ነው፣ ይገባኛል፤ እኔም የምኖረው በጥገና ነው። ግን ደሴ ድረስ ደውሎ፣ አበልና ትራንስፖርት ከፍሎ ባለሙያ ማስመጣት የማይችል ትምህርት ቤት ዕቃውን ይጥለዋል እንጂ አይጠራንም። ያን ጊዜ እንጀራውም የለም።

ከግቢው ከመውጣቴ በፊት ያን ወረቀት እኔው ጻፍኩት። ርዕሰ መምህሩ በላስቲክ አስጠቅልለው ከራውተሩ በላይ ለጠፉት። አያ ገብተው ቆመው አዩትና ምን እንደሚል እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። አነበብኩላቸው። ጥቂት አሰቡና «የቀረ አለ» አሉኝ። «ማሽላው ዘንድሮ ይህን ያህል ቁመት እንደነበረው፣ ዕቃውም እንደሠራ ጻፊበት። ለከርሞ ማጭድ ይዘው እንዳይመጡ።»

ላስቲኩን ፈታነው። እሳቸው ዱላቸውን ከደጅ ካለው አገዳ አጠገብ አቁመው እየለኩ ነገሩኝ፤ እኔም ከታች ጨመርኩበት፦ ጥቅምት፣ ማሽላው ሁለት ዱላ ከስንዝር፣ ግንኙነቱ ይሠራል።