እንግዳው አሳ

አርባ ምንጭ፣ ጫሞ ሐይቅ ዳር ናይል ፐርች ሲበለት ያየ ሰው ግዝፈቱን አይረሳውም። ጫሞ ላይ ባለአገር ነው። ቪክቶሪያ ሐይቅ ግን መጤ ነው፤ ናይል ወንዝ ላይ ያለው የመርቺሰን ፏፏቴ ሽቅብ እንዳይወጣ አግዶት ሲኖር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1950ዎቹ በሰው እጅ ተሻገረ። ለጊዜው ጉዱ አልታየም፤ በ1980ዎቹ ግን ሐይቁን ሞላው። ሌላ የትም የማይገኙ፣ ጣት የሚያህሉ የአሳ ዝርያዎች በመቶ እየተቆጠሩ ጠፉ። ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይደለም፤ ውሃውም ከየእርሻው በሚታጠብ አፈር ተበክሎ ነበር።

በዚህ እትም ካሉት ጽሑፎች እኔን የያዘኝ የጭሱ ነገር ነው። ትንንሾቹ አሳዎች ፀሐይ ላይ ተሰጥተው ይደርቁ ነበር። ናይል ፐርች ቅባቱ ብዙ ነውና በፀሐይ አይሆንለትም፤ በጭስ ነው የሚደርቀው። ጭስ ደግሞ እንጨት ይፈልጋል። አንድ አሳ ውሃ ውስጥ ገብቶ የብስ ላይ ያለውን ዛፍ አስቆረጠ ማለት ነው!

ፋብሪካ ተከፍቷል፣ ሥጋው አውሮፓ ድረስ ተሸጧል፣ እንጀራ የበላበትም ብዙ ነው። ይህን የሚክድ ጽሑፍ አላስገባንም።

የእኛም ሐይቆች እንግዳ አላጡም። የመጨረሻዎቹ ገጾች ወደ ዝዋይ ይወስዷችኋል። ከመረቡ ውስጥ ከውጭ የመጣውን ካርፕ ስታገኙ አፉን ተመልከቱ፤ በግራና በቀኝ አጫጭር ጢም አለው።

አዘጋጁ